ራቭ ፎር ይዞ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ያንኑ መኪና ለያዘ ወዳጁ ነው። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቶዮታ ራቭ ፎር ስለያዝኩ በዚህ ጉዳይ ስልኬ አርፎ አያውቅም። የኔ እ.ኤ.አ. የ2002 ምርት ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ፣ ባለ አምስት በር፣ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። እህቴ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይብሪዱን፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄደውን፣ ትነዳለች። ከዚህ በታች ያሉት በስልክም፣ ቡና ላይም፣ ጋራዥ በር ላይም ስጠየቅ የኖርኳቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ከተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ራቭ ፎርን ይህን ያህል የሚወደው ለምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ስለ ቁመቱ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ቪትዝ ውስጥ መግባት ጉድጓድ እንደመውረድ ይሆንባታል፤ ስትወጣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እጇን መያዝ አለበት። የአጎቴ ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ፣ እጀታውን ጨብጣ፣ "በስመ አብ" ብላ ነው የምትወጣው። ራቭ ፎር ላይ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ ታስገባለች። መቀመጫው ከዳሌዋ ትክክል ነው። ገዝቼ ያመጣሁ ቀን "ልጄ፣ ይሄስ እንደ ቤቴ ወንበር ነው" አለችኝ። ሽማግሌ ያለበት ቤት፣ ሕፃን ከኋላ ወንበር ላይ አስሮ የሚሄድ ወላጅ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ይህችን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ያውቃታል።

መኪናው ሲፈጠርም የታሰበው ይኸው ነበር። ቶዮታ በ1994 ሲያወጣው፣ ከፍ ያለ መኪና የፈለገ ሰው በአብዛኛው በሻሲ ላይ የተጫነ፣ ከባድ፣ ቤንዚን የማይጠግብ መኪና ነበር የሚገዛው። ራቭ ፎር ግን አካሉ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቶ ቁመትና አራቱን ጎማ የሚያንቀሳቅስ አሠራር ተጨመረለት። ስለዚህ ከተማ ውስጥ መሪው እንደ ኮሮላ ቀላል ነው፤ ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ይዞራል፤ የኮብልስቶን ጉድጓድና ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ሲያጋጥም ደግሞ ሆዱ አይመታም። ክረምት ላይ ቦይ ሞልቶ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው፣ ጎኔ ያለችው ትንሽ መኪና ስትቆም እኔ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ውሃው ጥልቀቱ የማይታወቅ ከሆነ ግን እኔም እቆማለሁ።

ሁሉም ራቭ ፎር ፎር ዊል ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስሙ ላይ "ፎር" ስላለ አራቱም ጎማ ይሠራል ብሎ ይገዛል። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ራቭ ፎር ግን በብዛት ተሠርቷል፤ በተለይ ከገልፍ አገሮችና ከአሜሪካ የመጡትን ሳያዩ አይግዙ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ይበሉና ከሥር ይመልከቱ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሺያል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው ድቡልቡል ብረት) ካለ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግም ካለ፣ ፎር ዊል ነው። ባዶ ከሆነ አይደለም። ሻጩ ምንም ቢምል ሥሩ አይዋሽም።

ለከተማ ብቻ ከሆነ በፊት ጎማ የሚሄደው ምንም አይልም፤ እንዲያውም ቤንዚን ይቆጥባል፣ የሚጠገንም ነገር ያንሳል። የፎር ዊል ዋጋ ከፍሎ መውሰድ ነው ጥፋቱ።

ገጠር ይወጣል? ከቪታራ ጋር ሲወዳደርስ?

ጠጠር መንገድ፣ ደረቅ ኮረኮንች፣ ቀላል ጭቃ ከሆነ ይወጣል። የእኔ ሰላሌም ጉራጌም ደርሶ ተመልሷል። ነገር ግን ራቭ ፎር ፎር ሎው የሚባለው፣ ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚያስኬደው ከባድ ማርሽ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ግራንድ ቪታራ (ከ2005 እስከ 2015 የተሠራው) አብዛኛው ፎር ዊሉ ያ ማርሽ አለው። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ወይም ድንጋያማ ዳገት ላይ ተጭኖ መውጣት ካለ፣ ቪታራ ይበልጣል። አስፋልት ላይ፣ ምቾት ላይና ቤንዚን ላይ ደግሞ የኔ ምርጫ ራቭ ፎር ነው። ሥራው በየሳምንቱ ገጠር የሚያስወጣው ሰው ቪታራን ወይም ፒክአፕን ቢያይ እመክራለሁ።

አሠራሩም ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። ሁለተኛው ትውልድ ፎር ዊሉ ለአራቱም ጎማ ሁልጊዜ ኃይል ይሰጣል። ከ2006 ወዲህ ባለው ሦስተኛው ትውልድ ግን በአብዛኛው ኃይሉ የፊት ጎማ ላይ ነው፤ ሲንሸራተት ነው ኋላው የሚገባው። "ሎክ" የሚል ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት ኃይሉ ለፊትና ለኋላ ይከፋፈላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ራሱ ይለቃል። ጭቃ ውስጥ ከተያዙ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ይጫኑት።

ፎር ዊል ለያዘ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና ተቀራራቢ ያለቁ ይሁኑ። ሁለት አዲስ ፊት፣ ሁለት ያለቁ ኋላ ብሎ ማሰር ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘውን ክፍል ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ሁለተኛው፣ መኪናው ተበላሽቶ ሲጎተት ሁለት ጎማው ተነሥቶ ሁለቱ መሬት ላይ እንዲንከባለል አይፍቀዱ፤ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ።

የኋላ በሩ ላይ ሰው ለምን ያማርራል?

ምክንያት ስላለው ነው። እስከ ሦስተኛው ትውልድ ድረስ የኋላው በር ወደ ላይ አይነሣም፤ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ ማጠፊያውም በቀኝ በኩል ነው። ጃፓን ውስጥ መኪና በግራ ስለሚሄድ የእግረኛ መንገዱ በግራ ነው፤ በሩ ወደ ቀኝ ሲከፈት ዕቃ የያዘው ሰው ከእግረኛ መንገዱ ቀጥታ ይደርስበታል። እኛ ጋ ግን በቀኝ ስለምንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ዳር ይዤ አቁሜ ካርቶን ተሸክሜ ስመጣ በሩ ፊቴ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ዞሬ አስፋልቱ ላይ ወጥቼ፣ ታክሲ እያለፈ፣ ከግራ በኩል ነው የማስገባው። አትክልት ተራ አንድ ካርቶን ቲማቲም ሳስገባ ይህን ሁሌ አስታውሰዋለሁ።

በዚያ ላይ ስኮርታው በሩ ላይ ተሰቅሏል። መልኩን የሚወዱለት አሉ፤ እኔም እወደዋለሁ። ጎማ ሲፈነዳ ዕቃ ሳያራግፉ ማውረድም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የጎማው ክብደት በዓመታት ማጠፊያውን ያላላዋል፣ በሩ ኮረኮንች ላይ ይንኳኳል፣ ወደ ኋላ ሲነዱም ጎማው መስተዋቱን ይጋርዳል። ግድግዳ ተጠግተው ካቆሙ ደግሞ በሩን መክፈት አይቻልም። የስኮርታውን ብሎን በቁልፍ የሚፈታ ማድረግ አይርሱ፤ ስፖኪዮ በሚሰረቅበት ከተማ ውጭ የተሰቀለ ጎማ ብዙ አያድርም። ከአራተኛው ትውልድ (ከ2013 ሞዴል) ጀምሮ በሩ ወደ ላይ የሚነሣ ሆኗል፤ ስኮርታውም ወለል ሥር ገብቷል።

ዳገት ላይ ይደክማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኔው 2.0 ወረቀቱ ላይ 150 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ እንጦጦ ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭኖ ሲወጣ ያ ቁጥር የለም። ያው መኪና ሞጆን አልፎ አዋሽ ሲደርስ ሌላ መኪና ይሆናል። ዳገት የሚበዛበት ሰፈር ለሚኖር ሰው 2.4 ሊትሩን እመርጥለታለሁ። ሁለተኛው ትውልድ ላይ 2.4 የመጣው በ2004 ገደማ ነው።

ቁልቁለትስ?

ይህን ከራሴ ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር የወሰድኩት ጊዜ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ማርሹን ዲ ላይ ትቼ ፍሬን ብቻ እየያዝኩ ወረድኩ። አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከፊት ጎማዎቹ ሰማያዊ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እናቴ ከኋላ ወንበር ምንም አልተናገረችም፣ ነጠላዋን ብቻ አጥብቃ ይዛ ነበር። ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሹፌር መጥቶ ጎማውን አየና "ወንድሜ፣ በማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው" አለኝ። ሸራው እስኪቀዘቅዝ አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን 2 ላይ፣ ሲብስ ኤል ላይ አደርጋለሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ። ከባድ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አውቶማቲክ ይዘን የጀመርን ነን የማናውቀው።

አውቶማቲኩ ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ካምቢዮ ልቀይር?

ከመቀየርዎ በፊት ኮምፒውተሩን ያስመርምሩ። ይህን መልስ ብዙ ሰው አያገኘውም፣ ወጪው ግን ከባድ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች ላይ የታወቀ ችግር አለ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ሥራ የሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብየዳ በሙቀትና በዕድሜ ይሰነጠቅና ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። መኪናው በተለይ ሲሞቅ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ከኋላ እንደተገጨ ያህል ይገፋል። የቼክ መብራትም ሊበራ ይችላል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ኮምፒውተር ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል፣ መኪኖቹ ግን አሁንም እዚህ እየሄዱ ነው።

አሳዛኙ ነገር ብዙ ባለቤቶች ካምቢዮ አስወርደው፣ የተፈታ ካምቢዮ ገዝተው ካስገጠሙ በኋላ መኪናው እንደገና መምታቱ ነው። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ብየዳው ሊጠገን ይችላል፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚችል ሰው ይሠራዋል። ነገር ግን እየመታ ለወራት ከተነዳ ካምቢዮው ራሱ ይጎዳል፤ ያኔ ሁለቱንም መክፈል ነው። ስለዚህ ምልክቱን ባዩበት ሳምንት ይሂዱ።

ዘይት ይበላል ይባላል?

የሚበላው አለ። 2.4 ሊትሩ ሞተር በሦስተኛው ትውልድ፣ በተለይ ከ2006 እስከ 2008 የተሠራው፣ ዘይት የመብላት ችግር አለበት፤ መነሻው ፒስተኑና ቀለበቱ ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ እነዚህን ለመቀየር ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። መለኪያው በ1,200 ማይል፣ ማለትም ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጉዞ፣ ከአንድ ኳርት በላይ (ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው) መጉደሉ ነበር። ሞተሩ ዘይት ስለበላ ብቻ አይሞትም። የሚሞተው ባለቤቱ ሳያይ ሲቀር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳ ላይ፣ የዘይት መለኪያውን ማየት ነው። የዘይት መብራት እስኪበራ የጠበቀ ዘግይቷል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ የቤንዚን ሞተሮች በሰንሰለት ስለሚሠሩ የቺንጋ መቀየሪያ ጊዜ ብላችሁ አትጨነቁ። የመጀመሪያው ትውልድ ግን ቺንጋ ነው፤ መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ከሌለ ገዝቶ ወዲያው መቀየር ነው።

ቤንዚን እንዴት ነው?

የኔ አዲስ አበባ ውስጥ በመጨናነቅ ሰዓት በሊትር ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ አዳማ መንገድ ላይ 11 ያደርሳል። ለቪትዝ የለመደ ሰው ያዝናል፤ ከላንድክሩዘር የመጣ ደስ ይለዋል።

ቤተሰብና ዕቃ ይችላል?

አምስት ሰው ይችላል፤ የመሐሉ ግን ረጅም መንገድ ላይ ይጨነቃል። ሁለተኛው ትውልድ ላይ ደስ የሚለኝ የኋላ ወንበሮቹ ታጥፈው ብቻ ሳይሆን ተነቅለው ይወጣሉ። ለፋሲካ በግ፣ ከቢሾፍቱ ጤፍ፣ ለልጄ የተገዛ አልጋ፣ ሁሉም በዚያ ገብቷል። በግ ከጫኑ ከሥር ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ፤ ምንጣፉ ውስጥ የገባ ሽታ በላቫጆ ብቻ አይለቅም። ወንበሮቹ ሳይነቀሉ ግን የኋላው ቦታ ጠባብ ነው፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ቦሌ ሲሸኙ አንዱ ሻንጣ ጭን ላይ ይሄዳል።

ድምፅ ደግሞ አለ። የጎማው ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባል፤ በ100 ላይ ከኋላ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለማውራት ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ቅሬታ የአዲሱ ትውልድ ባለቤቶችም ያነሡታል።

መለዋወጫ ይገኛል?

ይገኛል። ይሄ ከትልልቅ ደስታዎቹ አንዱ ነው። ሶማሌ ተራ ገብቶ ለራቭ ፎር ቴስቲኒ፣ ቡሽ፣ የፍሬን ሸራ ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አላውቅም። ጣጣው ጥራቱ ነው። ቡሽና ቴስቲኒ ላይ ርካሹን የገዛ በስድስት ወር ተመልሶ ይገዛል፤ የመንገዳችንን ኮረኮንች አይችልም።

ሦስተኛው ትውልድ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ2012 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ7 መቶ ሺህ በላይ መኪኖችን ጠርቷል፤ አብዛኞቹ ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩ ራቭ ፎሮች ነበሩ። ምክንያቱ የኋላ ጎማ አቅጣጫ የሚስተካከልበት ዘንግ ነው፤ አላይመንት ከተሠራ በኋላ ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ ይዝጋል፣ ዘንጉም ሊለያይ ይችላል። እኛ አገር አላይመንት በየጊዜው ስለሚሠራ ይህ በቀጥታ ይመለከተናል። የኋላውን አላይመንት አሠርተው ሲጨርሱ "ብሎኑን አጥብቀኸዋል?" ብለው ይጠይቁ፤ ሲያጠብቅም ቆመው ይዩ።

አሜሪካ ያለሁት ሃይብሪዱን ልግዛ?

እህቴ ብትጠየቅ "ዓይንህን ጨፍነህ" ትላለች። ከ2019 ወዲህ ያለው ሃይብሪድ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በጋሎን 40 ማይል ገደማ ይሄዳል፤ በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ኡበርና ሊፍት ለሚሠራ ሰው ይህ በወር መጨረሻ የሚቆጠር ብር ነው። ሃይዌይ ላይ ለመግባት ሲረገጥ ግን ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ የምትጠላው ይህን ብቻ ነው።

ያገለገለ ከገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ላይ ወደ ኋላው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደው የከፍተኛ ኃይል ገመድ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ይዝጋል። መቀየሪያው ውድ ነው፤ ቶዮታ ለዚህ ዋስትናውን ስላራዘመ፣ ይህ መኪና በዚያ ውስጥ መሆኑን በሻሲ ቁጥሩ ያጣሩ። ሁለተኛ፣ በ2019 እና በ2020 አንዳንዶቹ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ 14.5 ጋሎኑ ሳይሞላ ይቆማል፤ ታንከሩ ተቀይሮለት እንደሆነ ይጠይቁ።

አዲስ አበባ ሆኜ አሁን ቤንዚን ራቭ ፎር ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪክ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ወሰነ። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛው ራቭ ፎር በአብዛኛው እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው፤ ዋጋውም እንደ ዕድሜው አይወርድም። ግቢ ኖሮት ማታ ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል፣ ከከተማ የማይወጣ ሰው፣ ኤሌክትሪክ ቢገዛ ልክ ነው እላለሁ፤ የማደያ ሰልፍ ይቀርለታል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር፣ በየበዓሉ አገር ቤት ለሚወርድ ሰው ግን ዛሬም ራቭ ፎር ይሻለዋል።

ሊያዩ ሲሄዱ ጠዋት ይሂዱ፤ "ሞተሩን እንዳታስነሡት" ብለው አስቀድመው ለሻጩ ይደውሉ። ደርሰው ኮፈኑን ሲነኩ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ ማርሚታው ጋ ይቁሙና ሰው ያስነሣልዎት፤ ሰማያዊ ጭስ ካዩ ዘይት ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፣ በደንብ ይሙቅ፣ ካምቢዮው የሚመታ ከሆነ ያኔ ነው የሚታወቀው።